ቅርስ አጠገብ ለወጣት የሚሆን ሕንፃ፦ ወሎ ውስጥ የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ስለ አንድ አሮጌ ሕንፃ ወሬ ሲነሳ ሰው ወዲያው ሁለት ጎራ ይለያል። አንዱ «ይፍረስና ፎቅ ይሠራበት» ይላል። ሌላው «አትንኩት፣ አጥራችሁ ተዉት» ይላል። ሦስተኛ መንገድ አለ። አሮጌውን ሳያፈርሱ አጠገቡ ለከተማው ወጣት የሚሆን የሕዝብ ቤት መሥራት ነው። ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ይችላል፣ የሙዚቃ መለማመጃ፣ የስፖርት አዳራሽ፣ ወይም ዝም ብሎ የሚቀመጡበት ግቢ። ስለዚህ መንገድ ግን ብዙ የተዛባ ነገር ይወራል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ወጣት ከገባበት ቅርሱ አለቀለት»

ከሁሉም በላይ የሚወራው ይሄ ነው። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ግድግዳ ላይ ስሙን በቁልፍ የሚፍቅ ልጅ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አሮጌ ቤትን በብዛት የሚጨርሰው ግን ውሃ ነው። አንድ ቆርቆሮ ይነቀላል፤ የሚያየው ስለሌለ ክረምቱን ሙሉ ሲያፈስ ይከርማል። አሸንዳው በቅጠል ይደፈናል፤ ውሃው በግድግዳው ላይ ይወርዳል። እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይገባል። ሰው በየቀኑ የሚገባበት ቤት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ዝናብ አንዱ «ኧረ ያፈሳል!» ይል ነበር።

ባለሙያዎችም ይህን ካወቁት ቆይተዋል። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የቬኒስ ቻርተር ዓለም ላይ በቅርስ ጥገና ብዙ የሚጠቀስ ሰነድ ነው። አንቀጽ 5 ላይ ቅርስን ለኅብረተሰቡ የሚጠቅም ሥራ ላይ ማዋል ጥበቃውን እንደሚያግዝ ይናገራል። ቅድመ ሁኔታም አለው፤ የክፍሎቹ አቀማመጥና የቤቱ ጌጥ መለወጥ የለበትም።

ደሴም ይህን አይታዋለች። የደሴ ሙዚየም ያለበት ቤት ቀድሞ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ነበር። ሥራ ተቀየረለትና ሙዚየም ሆነ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ንብረቱ ተዘረፈ። ያን ያደረገው ግን ኳስ የሚያንከባልል የሰፈር ልጅ አልነበረም።

ከውጭ አንድ ምሳሌ ብቻ ምረጥ ብባል የብራዚሏን ሳኦ ፓውሎ እመርጣለሁ። ሴስኪ ፖምፔያ የሚባል ቦታ አለ፤ ዱሮ የበርሜል ፋብሪካ ነበር። ሴስኪ ለንግድ ሠራተኞች የስፖርትና የባህል አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ነው። ቦታውን ሲገዛ ሐሳቡ አፍርሶ አዲስ መሥራት ነበር። ሥራው ሊና ቦ ባርዲ ለምትባል አርክቴክት ተሰጠ። ሄዳ ስታይ ልጆች በባዶው ፋብሪካ ውስጥ ኳስ ይጫወታሉ፣ ቤተሰቦች ቅዳሜና እሁድን ያሳልፋሉ። እሷም ይህ እንዳይጠፋ ብላ ፋብሪካውን አቆየችው። የጡብ አዳራሾቹ ውስጥ ማንበቢያ፣ ቴአትር፣ የዕደ ጥበብ ቦታ አስገባች። ኳሱን፣ መዋኛውንና ጂሙን ግን ከፋብሪካው ጀርባ ባቆመቻቸው የኮንክሪት ማማዎች ላይ አደረገችው። አሮጌው ክፍል በ1982፣ የስፖርቱ ክፍል በ1986 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ዛሬም ሰው ይጎርፍበታል።

ከዚህ የምወስደው ነገር ቀላል ነው። ጸጥ ያለው ሥራ ለአሮጌው፣ የሚዘለልበትና የሚጮህበት ለአዲሱ። ደሴ ያለውን አይጠየፍ አዳራሽ አስቡት። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት ግብር ለማብላት ነው። ከመጀመሪያውም ለብዙ ሰው የታሰበ ቤት ነው። እዚያ ውስጥ መረብ ኳስ ይተከል የሚል የለም። ግን ዓውደ ርዕይ፣ የግጥም ምሽት፣ መንዙማ ቢሰማበት ለቤቱ ባዕድ አይሆንበትም። ለልምምዱና ለስፖርቱ ጎን ላይ ሌላ ቤት ይበጅለት።

«አዲሱ ሕንፃ አሮጌውን መምሰል አለበት»

ይሄኛው ከአክብሮት የመጣ ስህተት ስለሆነ ለመቃወም ይከብዳል። ውጤቱን ግን ሁላችንም እናየዋለን። የብሎኬት ሕንፃ ይቆምና ድንጋይ የሚመስል ቀለም ይቀባል። ጣሪያው ላይ ጎጆ ይደረግበታል። የላሊበላ መስቀል በአሉሚኒየም ይለጠፍበታል። ሃያ ዓመት ቆይቶ አንድ ተማሪ ቢመጣ የቱ የአያቶቹ፣ የቱ የትናንት እንደሆነ ይጠፋዋል።

የቬኒስ ቻርተር አንቀጽ 9 ግልጽ ነው። የግድ መጨመር ያለበት ነገር ካለ ከቀድሞው ተለይቶ መታየትና የዘመኑን ምልክት መያዝ አለበት። አንቀጽ 13 ደግሞ ሌላውን ጫፍ ይዘጋል፤ የሚጨመረው ነገር የሕንፃውን ውበት፣ ሚዛኑንና ከአካባቢው ጋር ያለውን ስምምነት ማወክ የለበትም። ስለዚህ «አልመስልም» ብሎ ጸሐይ የሚያንጸባርቅ ሰማያዊ መስተዋት መደርደርም አያዋጣም። (ሰማያዊ መስተዋት ላይ ቂም አለብኝ፤ ይቅር በሉኝ።)

እዚህ ላይ ጎበዝ አንባቢ አንድ ጥያቄ ያነሳል። «ላሊበላስ አክሱምን መስሎ የለም ወይ?» ብሎ። ልክ ነው። ቤተ አማኑኤል የአክሱምን የእንጨትና የድንጋይ ሕንፃ መልክ ይዞ ነው ከአለት የተፈለፈለው። ግን ማንንም አያሳስትም። አሠራሩ ሌላ ነው፤ ከአንድ አለት ወጥቷል፤ የራሱ ዘመን ጥበብ ፊት ለፊት ይታያል። የድሮውን ቋንቋ በራስ አፍ መናገር ይሉታል። በአሉሚኒየም የተለጠፈ መስቀል እዚህ ደረጃ አይደርስም።

መምሰል ካለበት መጠኑ ይምሰል። የአሮጌው የመስኮት ከፍታ ስንት ነው? ግድግዳው ምን ያህል ወፍራም ነው? ጥላው እስከ የት ይደርሳል? ጆሃንስበርግ ላይ ደግሞ አሮጌውና አዲሱ በቁሱ ነው የተገናኙት። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2004 እ.ኤ.አ. የተከፈተው በአሮጌ እስር ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ማንዴላም ጋንዲም የታሰሩበት ግቢ ነው። ከፈረሰው የእስረኞች ማቆያ የተገኘው ጡብ በአዲሱ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ዋለ፤ የማቆያው ደረጃ ቤቶች ደግሞ እንዳሉ ቀሩ። ሕንፃው እስር ቤት አይመስልም። ታሪኩን ግን ማንም አይስተውም።

ወሎ ውስጥ በድንጋይ የሚሠራ እጅ አልጠፋም። የላስታን ባለ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤቶች ወይም የአርጎባዎቹን የሾንኬ መንደር ያየ ሰው ያውቀዋል። ያን እጅ አዲሱ ሕንፃ ላይ ማሠራት ጣሪያ ላይ ጎጆ ከመትከል ይበልጣል።

«ፎቁ ከፍ ባለ ቁጥር ሰፈሩ ያድጋል»

ረጅም ፎቅ የቅርሱን እይታ መጋረዱ አንድ ችግር ነው። ዋናው ችግር ግን ከመሬት በታች ነው። የድሮ ቤቶች መሠረት በአብዛኛው ጥልቀት የለውም። አጠገቡ ለምድር ቤት ጉድጓድ ሲቆፈር አሮጌው መሠረት የሚደገፍበትን አፈር ያጣል። ግድግዳው ይሰነጠቃል። ዳምጠው ሲያልፍበት የሚፈጠረው ንዝረትም ይጨምርበታል። ጥፋቱ የሚታወቀው ደግሞ ሥራ ተቋራጩ ሂሳቡን ዘግቶ ከሄደ በኋላ ነው።

ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት። የመሬት መንሸራተትን ታውቀዋለች። የምሥራቁ የወሎ ጠርዝ ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ስለሆነ የመሬት መንቀጥቀጥም አለ። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። ያ ቦታ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይና ዙሪያው ነው። ስለዚህ ከቅርሱ ራቅ፣ ዝቅ፣ ቀለል ያለ ሕንፃ ይሻላል። ተዳፋቱን ተከትሎ በእርከን መውረድ ይቻላል። የክረምቱን ጎርፍም ከአሮጌው ግድግዳ የሚያርቅ ቦይ ከሁሉም በፊት ይቀድማል።

«ሲሚንቶ ካልተመረገ አይጠነክርም»

አጭር መልስ፦ በጭቃና በኖራ ለተሠራ ግድግዳ ሲሚንቶ ጠላቱ ነው። የድሮው ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ መልሶ በጸሐይ ያወጣል። ሲሚንቶ ሲለጠፍበት መውጫው ይዘጋል። እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል፤ ድንጋዩ ይላላል፤ ልስኑ በትልልቁ ይረግፋል። ኖራ ይጠቀሙ። ሲሚንቶው ለአዲሱ ሕንፃ ይቀመጥ።

«ወጣት የሚፈልገው ዋይፋይና ጂም ነው»

ዋይፋይ የሚጠላ የለም። ግን እስኪ የከተማችን ልጅ ከሰዓት በኋላ የት እንደሚውል እንይ። ፑል ቤት፣ ጫት ቤት፣ ኳስ የሚታይበት ቤት፣ ካፌ። ሁሉም ላይ ለመቀመጥ መክፈል ያስፈልጋል። አንድ ማኪያቶ ይዘህ ሁለት ሰዓት ከቆየህ አስተናጋጁ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ይወለውልልሃል። መልእክቱ ይገባሃል።

ስለዚህ ለወጣት የሚሠራ የሕዝብ ቤት የመጀመሪያ ስጦታው በነጻ መቀመጥ ነው። ጥላ ያለው አግዳሚ፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ንጹሕ ሽንት ቤት። ደሴ ብርድ ስለሆነች ከንፋስ የተከለለ፣ የከሰዓት ጸሐይ የሚያገኝ ጥግም ያስፈልጋል። የሚያነብ ልጅ ጸጥታ ይፈልጋል፤ ጊታር የያዘው ደግሞ ማንም «ዝም በል» የማይለው ክፍል። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ከዚሁ ከወሎ ነው ያገኙት። ለእነሱ መለማመጃ የሚሆን ድምፅ የማያሳልፍ አንድ ክፍል ቅንጦት አይደለም።

ሴቶቹን ደግሞ ብዙው ንድፍ ይረሳቸዋል። አንድ የስፖርት ሜዳ ብቻ ካለ ወንዶቹ ይይዙታል፤ አለቀ። ሁለት አነስ ያሉ ሜዳዎች፣ በረንዳ ላይ መቀመጫ፣ ሲመሽ ከበሩ እስከ ዋናው መንገድ የሚያበራ መብራት ቢኖር ልጅቷም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሳትሳቀቅ ትወጣለች። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ከሆኑ የድምፅ ማጉያውን አቅጣጫና ሰዓት ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነው። ወሎ ለዚህ መካሪ አያጣም፣ አብሽሩ።

«ሕጉ ምንም አያስነካም» እና «የራሴ ነው፣ ምን አገባችሁ»

ሁለቱም ስህተት ናቸው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይቀበላል። ባለቤትነት ግን ከግዴታ ጋር ነው። የጥገናና የእድሳት ሥራ የቅርስ ባለሥልጣኑን ቅድሚያ ፈቃድ ይፈልጋል። ማለትም በሩ የተዘጋ አይደለም፤ ማንኳኳት ግን ያስፈልጋል። ንድፉ ሳያልቅ ማንኳኳት ደግሞ ገንዘብም ጊዜም ያተርፋል።

ሌላም አለ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃ አካል ጉዳተኞች፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱትም ጭምር፣ የሚገቡበት መንገድ እንዲኖረው አዟል። አሮጌውን ሕንፃ ለሊፍት መቅደድ አይቻልም። አዲሱ አጠገቡ መቆሙ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሊፍቱን፣ ሽንት ቤቱን፣ የውሃ ቧንቧውን፣ የመብራት ቆጣሪውን፣ ዕቃ ቤቱን ሁሉ አዲሱ ይሸከምለታል። አሮጌው ከመበሳት ይድናል።

«ቅርሱ ሕንፃው ነው፣ ዙሪያው ምንም አይደለም»

ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው ይህን አይልም። ቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ዋሻ ውስጥ የቆመ፣ በእንጨትና በነጭ ልስን ድርብርብ የተሠራ ሸጋ ሥራ ነው። በኋላ ዘመን ግን ለጥበቃ ተብሎ ዋሻው አፍ ላይ የጡብ ግንብ ተሠራ። ቤተ ክርስቲያኑን ማንም አልነካውም። ከሩቅ የሚታየው ግን ግንቡ ነው። ላሊበላም ላይ በ2008 እ.ኤ.አ. አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመከላከል የተተከሉት ትልልቅ መጠለያዎች ጊዜያዊ ተብለው ነበር። ዝናቡን ከልክለዋል፤ ክብደታቸውና ምሰሷቸው ግን የአካባቢውን ሰው ሲያሳስብ ኖሯል። በቅን ልብ የተሠራም ነገር ዙሪያውን ሊያበላሽ ይችላል።

ስለዚህ ንድፉ ሲጀመር ከሕንፃው በፊት ግቢው ይለካ። ትልልቆቹ ዛፎች የት ናቸው? ከመንገድ ሲመጡ ቅርሱ መጀመሪያ የሚታየው ከየት ነው? ያ መስመር ባዶ ይተው። በኔ ግምት ከጠቅላላው ሥራ ከባዱ ክፍል ይሄ ነው። ባዶ ቦታ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሱቅ የሚመኝ ሰው አይጠፋም።

«ብሩ ብቻ ይገኝ፣ ሌላው ይደርሳል»

ለግንባታ ብር ይገኛል፤ የሚያስቸግረው ከምርቃቱ ማግሥት ያለው ነው። ሴስኪ ፖምፔያ ለዓመታት የቆየው አርክቴክቷ ጎበዝ ስለነበረች ብቻ አይደለም። ድርጅቱ ከንግድ ቀጣሪዎች የደመወዝ ክፍያ ላይ 1.5 በመቶ በሕግ ስለሚያገኝ ጠራጊው፣ ጥበቃውና አሠልጣኙ ደመወዝ አያጡም። እኛ ጋር እንደዚያ ያለ መዋጮ ባይኖርም ትንሽ ትንሽ መንገድ አለ። አንዱን ክፍል ለተደራጁ ወጣቶች ለቡና ቤት ማከራየት፣ አዳራሹን ለሠርግ ሳይሆን ለስብሰባ በክፍያ መስጠት፣ ከገቢው ለአሮጌው ጣሪያ የሚሆን ተለይቶ የሚቀመጥ ሂሳብ መክፈት።

በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ንድፍ ለሕዝብ ውይይት ሲቀርብ ባለ ቀለሙን ሥዕል ከማድነቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ቁልፉ ማን ጋር ይሆናል? እሁድ ክፍት ነው? የአሮጌውን አሸንዳ ከሰኔ በፊት የሚጠርገው ሰው ደመወዝ በየትኛው በጀት ተይዟል?