ጎንደር በጣሊያን ወረራ ዘመን

ጎንደር ከመጋቢት 1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. በፋሺስት ጣሊያን እጅ ቆይታለች። በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው የጣሊያን ጦር በመጨረሻ እጁን የሰጠውም እዚሁ ነው። ያኔ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ ሰባት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ስለ ማይጨውና ስለ አምባላጌ ብዙ ተጽፏል። የጎንደሩ ግን እዚህም እዚያም ተበታትኖ ቀርቷል። ይህ ጽሑፍ የተገኘውን አንድ ላይ ለማሰባሰብ የተዘጋጀ ነው። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ከተማዋ ወራሪ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም። በ1880 ደርቡሾች (የሱዳን መሐዲስቶች) ገብተው ከተማዋንና አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጥለዋል።

የጣሊያን ወረራ መስከረም 22 ቀን 1928 ሲጀመር የወገራና የሰሜን ሰው በደጃዝማች አያሌው ብሩ መሪነት ከራስ እምሩ የጎጃም ጦር ጋር ወደ ሽሬ ዘመተ። ተከዜን ተሻግረው ታኅሣሥ 5 ቀን ደምበጉና ላይ ጠላትን ድል መቱ። ይህ ውጊያ በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነው። የጣሊያን ታንኮች ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ ትንንሾች ነበሩ። መትረየሳቸው ፊት ለፊት እንጂ ወደ ኋላ ዞሮ አይተኩስም። የእኛ ሰዎች ነገሩ ወዲያው ገባቸው። መንገዱን በቋጥኝ ዘግተው ከጎንና ከኋላ ተጠጉ። አንዳንዱማ ታንኩ ላይ ዘሎ ወጣ። ጎራዴና አሮጌ ጠመንጃ የያዘ ጦር ታንክ ማረከ ሲባል ተረት ይመስላል፤ ግን ሆኗል።

ከስምንት ቀን በኋላ አውሮፕላኖች ተከዜ ዳር የሰናፍጭ ጋዝ አወረዱ። ራስ እምሩ ኋላ እንደመሰከሩት፣ ፈሳሹ የነካው ሰው እጁ፣ እግሩና ፊቱ ይላጥ ነበር። ጀግንነት ለዚህ መልስ አልነበረውም። የካቲት መጨረሻ ላይ ሽሬ ላይ የነበረው ጦር ሲፈታ ጎንደር ያለ ጠባቂ ቀረች።

ጠላት በስተ ሰሜን በኩል ሊማሊሞን ወጥቶ ይመጣል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። የፋሺስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ አኪሌ ስታራቼ ግን በካሚዮን የተጫነ ጦሩን በምዕራብ ቆላ በኦምሐጀር በኩል አዙሮ አመጣው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ያለ ብዙ ተኩስ ከተማ ገባ። አዲስ አበባ እስክትያዝ ገና አንድ ወር ይቀር ነበር።

ጣሊያን አገሩን ሲከፋፍል ጎንደርን «አማራ» ብሎ ለሰየመው ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት። የከተማው ፕላን የተነደፈው በአርክቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ ነው። ፕላኑ የነጩንና የአገሬውን ሰው መኖሪያ ለየብቻ የሚያደርግ ነበር። ፒያሳና ፖስታ ቤቱ የዚያን ዘመን ሥራ ናቸው። ሊማሊሞ ገደል ላይ የተጠማዘዘውን መንገድ የሠራውም ጣሊያን ነው። የነገሥታቱ መኖሪያ የነበሩት የፋሲል ግቢ ግንቦች ደግሞ ቢሮ ሆኑ። አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ እንደ ውለታ ይቆጥረዋል። መንገዱ ግን መጀመሪያ የተሠራው ጦርና ስንቅ እንዲመላለስበት ነው።

ከተማ መያዝና አገር መያዝ ለየቅል መሆናቸው በነዚህ ዓመታት ታየ። ጣሊያን ከተማውን፣ ምሽጉንና አውራ መንገዱን ያዘ። አርማጭሆ፣ ወልቃይት፣ ወገራና ጭልጋ ግን ዱር ቤቴ ያለ አርበኛ መናኸሪያ ሆኑ። ከሁሉ ስሙ የገነነው «አሞራው» የሚባሉት ውብነህ ተሰማ ናቸው፤ በኋላ ራስ ተብለዋል። አርማጭሆ ላይ እነ ብሬ ዘገየና አዳነ መኮንን ነበሩ። ከጣሊያን ጋር ያደሩም ነበሩ፤ ችግርና የቆየ ቂም የገፋቸው ብዙ ናቸው ይባላል። በ1933 መግቢያ ላይ ኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመሩት የእንግሊዝ ተልዕኮ የሰሜን ቡድን አርማጭሆ ሲደርስ፣ ያገኘው አራት ዓመት ሙሉ የተዋጋ ሕዝብ ነው።

ግንቦት 1933 የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ገዥ የነበረው የአኦስታ መስፍን አምባላጌ ላይ እጁን ሲሰጥ ጄኔራል ጉልየልሞ ናሲ ጎንደር ላይ እምቢ አለ። በሥሩ ወደ 40 ሺህ ገደማ ጦር እንደነበረ ይገመታል። አብዛኛው አስካሪ፣ ማለትም ለጣሊያን የተቀጠረ የአፍሪካ ተወላጅ ወታደር ነው። የናሲ ሐሳብ ግልጽ ነበር። የእንግሊዝን ጦር እዚህ ጠምዶ መያዝና ጊዜ መግዛት ነው። የጎንደር መልክዓ ምድርም ለዚህ ይመቻል። በሰሜን ወልቀፊት፣ በደቡብ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ቁልቋልበር፣ በምዕራብ ጭልጋ አሉ። እኛን ይጠብቃሉ የተባሉት በሮች አሁን ወራሪውን ጠበቁት።

ደብረ ታቦር በሰኔ መጨረሻ ተለቀቀ። ከዚያ ክረምቱ ገባና ጭቃው ሁሉንም አሰረ። ያም ሆኖ ከበባው አልላላም። ወልቀፊት ላይ የነበረው ጦር ስንቅ የሚደርስበት መንገድ ሁሉ ተዘጋበት። በ1934 የመስቀል ሰሞን ሦስት ሺህ ገደማ የሚሆነው ጦር በኮሎኔል ጎኔላ መሪነት እጁን ሰጠ። ከናሲ ጥቂት ተዋጊ አውሮፕላኖች አንዱ ጥቅምት 14 ቀን ተመትቶ ወደቀ።

ዋናው ውጊያ የቁልቋልበሩ ነው። ኅዳር 4 ቀን የተሰነዘረው ጥቃት ተመለሰ። ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ ምሽጉ ከብዙ አቅጣጫ ተመትቶ ተሰበረ። እዚያ የወደቁትን የጣሊያን ካራቢኔሪዎች (ወታደራዊ ፖሊሶች) አገራቸው ዛሬም በየዓመቱ ታስባቸዋለች። ያንን ምሽግ ሲሰብሩ የወደቁት አርበኞችም እንዲህ ያለ መታሰቢያ ይገባቸዋል።

ኅዳር 18 ቀን 1934 ማለዳ በሜጀር ጄኔራል ፎክስ የሚመራው ጦር በአዘዞ በኩል ወደ ከተማው ገፋ። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከሌሎች የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የመጡ ወታደሮች ነበሩበት። በዚያው ቀን ናሲ እጁን ሰጠ። ከ20 ሺህ በላይ ሰው ተማረከ። ድሉን ለእንግሊዝ ጦር ብቻ የሚሰጡ ጽሑፎች አሉ። ይህ ልክ አይደለም። አርበኞች ከተማዋን ከበው መንገድ ሲቆርጡ ከርመዋል፤ በመጨረሻው ቀንም አብረው ተዋግተው ቀድመው ከተማ ከገቡት መካከል ነበሩ። መድፍና አውሮፕላን ያመጣው እንግሊዝ መሆኑም አይካድም። ናሲ ወደ ኬንያ የምርኮ ካምፕ ተወሰደ። ጥር 1934 ላይ ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ ጋር ውል ተፈራረመች።

ከጦርነቱ ጉዳት ጎልቶ የሚታየው የአፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ ግንብ ላይ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቆመው ይህ ግንብ ቀድሞ በመሬት መንቀጥቀጥ ተጎድቶ ነበር፤ ጣራውን ያፈረሰው የእንግሊዝ ቦምብ ነው ይባላል። ጣሊያኖች በሲሚንቶ የለጠፉት የግቢው ክፍልም ነባሩን ግንብ ስለጎዳ፣ በኋላ በተደረገው ጥገና በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። ፋሲል ግቢ በ1972 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።