የቺንሎን ተጫዋች፦ ጥንታዊ የበርማ የነሐስ ምስል

በአንድ እግሩ ቆሞ ሌላውን ያነሳ፣ ሽርጡን በጭኖቹ መካከል አሳልፎ ወገቡ ላይ የሸጎጠ ሰው፤ ከእግሩ ጣቶች ወይም ከጉልበቱ ላይ ደግሞ አንዲት ኳስ። በበርማ (በዛሬዋ ምያንማር) የነሐስ ሥራ እንዲህ ያለው ምስል ቺንሎን የሚባለውን ጨዋታ ያሳያል።

ቺንሎን በባህላዊ አጨዋወቱ አሸናፊ የለውም። ስድስት ሰዎች ክብ ሠርተው ይዞራሉ፣ አንዱ መሀል ገብቶ ስልቱን ያሳያል፤ ኳሷ መሬት ከነካች እንደገና ይጀመራል። የሚለጋው በጣት ጫፍ፣ በእግር በሁለቱ ጎን፣ በመርገጫ፣ በተረከዝና በጉልበት ሲሆን በእጅ መንካት ክልክል ነው። ኳሷ ራታን ከሚባል የሐረግ ዓይነት ስንጥቅ ትጠለፋለች፤ 12 ባለ አምስት ማዕዘን ቀዳዳዎች አሏት። የተጠነቀቀ ሠሪ እነዚህን ቀዳዳዎች በነሐሱም ላይ አይዘላቸውም።

ምስሉ የሚሠራው በሰም ነው። በሰም የተቀረጸው አካል መጀመሪያ በላመ ጭቃ፣ ቀጥሎም የሩዝ ገለባ በተቀላቀለበት ሻካራ ጭቃ ይለበጣል። ጭቃው ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የጋለ የመዳብና የቆርቆሮ ቅልቅል ይፈስሳል። አስቸጋሪው ቁርጭምጭሚቱ ነው። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ብረቱ የተነሳው እግር ጋ ሳይደርስ ሊረጋና ጣቶቹ ጎደሎ ሊቀሩ ይችላሉ። ለዚህ መፍትሔው እስከ እግሩ ድረስ ተጨማሪ የሰም ቦይ መቀጠል ነው፤ ቦዩ የተቆረጠበት ጠባሳ ከመርገጫው ሥር በሞረድ ተስተካክሎ ይታይ ይሆናል።

ዕድሜውን ለመገመት ጭኑን ማየት ይጠቅማል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1885 የበርማን ዋና ከተማ ማንዳላይን በያዙበት ዘመን የበርማ ወንዶች ከወገብ እስከ ጉልበት ይነቀሱ፣ ጸጉራቸውንም አናታቸው ላይ ይቋጥሩ ነበር። ይህ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ አስመሳዩም ይህንኑ ያውቃል። እጅ የሚበዛበት ጉልበትና አናት አብረቅርቆ ስርጉዱ ሲጠቁር ደህና ምልክት ነው። አሮጌ ለማስመሰል በአሲድ የመጣ አረንጓዴ ብዙ ጊዜ በየቦታው እኩል ይሆናል፤ በእርጥብ ጥጥም ሊለቅ ይችላል።

ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ነጥብ ነጥብ እያለ ከወጣ ክሎራይድ ጨው ከእርጥበት ጋር ነሐሱን እየበላው ነው። ምስሉን ከሌሎቹ ለይቶ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥና ለጥገና ባለሙያ ማሳየት ይገባል። በሎሚና በአመድ መፈግፈግ በዘመን ብዛት የያዘውን ቆዳ ገፎ ዋጋውንም ይዞ ይሄዳል። ሲነሳ ደግሞ አንድ እጅ ከመቆሚያው ሥር፣ ሌላው ከወገቡ ላይ ይሁን፤ በተነሳው እግር ወይም በኳሷ በኩል ከተያዘ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል።