የትምህርት ቦርድ አባላት ጉዞ እና ደረሰኙን የማየት መብት በአሜሪካ

በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው ዋሽንግተን ሳይሆን የአካባቢው ሰው ነው። አገሪቱ 13,000 ገደማ የትምህርት ዲስትሪክቶች ሲኖሯት እያንዳንዱን የሚመራው የራሱ ቦርድ ነው። ሃዋይ ለብቻዋ መላ ግዛቷን በአንድ ዲስትሪክት ታስተዳድራለች። የአብዛኞቹ ቦርዶች አባላት በነዋሪው የተመረጡ ናቸው፤ ቁጥራቸውም ብዙውን ጊዜ አምስት፣ ሰባት ወይም ዘጠኝ ነው። ቀን በየሥራቸው ውለው ማታ ይሰበሰባሉ፤ በጀት ያጸድቃሉ፤ ሱፐርኢንተንደንት የሚባለውን የዲስትሪክቱን ዋና ሥራ አስኪያጅ ይቀጥራሉ፣ ያሰናብታሉም። ሎስ አንጀለስን ከመሰሉ ትልልቅ ዲስትሪክቶችና ደመወዝ ከሚከፈልባቸው እንደ ፍሎሪዳ ካሉ ግዛቶች በስተቀር፣ በአብዛኛው የሚከፈላቸው ወይ ምንም ነው ወይ ለቤንዚን የምትበቃ አበል ናት።

ደመወዝ ባይኖርም ጉዞ አለ። ከሞላ ጎደል እያንዳንዱ ግዛት የቦርዶች ማኅበር አለው፤ ማኅበሩም በየዓመቱ ጉባኤ ይጠራል። በአገር አቀፍ ደረጃ ደግሞ ብሔራዊ የትምህርት ቦርዶች ማኅበር የፀደይ ጉባኤውን እ.ኤ.አ. በ2022 በሳንዲያጎ፣ በ2023 በኦርላንዶ፣ በ2024 በኒው ኦርሊንስ አካሂዷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ2021 በርካታ የግዛት ማኅበራት ከብሔራዊው ማኅበር ተለይተው ሌላ ኅብረት ስላቋቋሙ፣ ተጓዡ የሚመርጠው አገር አቀፍ ጉባኤ አንድ መሆኑ ቀርቷል። ትልልቅ ከተሞችም የራሳቸው የጋራ መድረክ አላቸው። ጉባኤዎቹ ከንቱ ናቸው ማለት አይደለም። ስለ ትምህርት ፋይናንስ ምንም ሳያውቅ ተመርጦ የመጣ ሰው በጀት ማንበብ የሚማረው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። ይሁንና የባሕር ዳርቻ ያለው ከተማ፣ ባለ መዋኛ ሆቴልና የግብር ከፋይ ገንዘብ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ሲገናኙ ማብራሪያውን የሚሰማ ጆሮ አይገኝም።

ስንት ገንዘብ ነው ታዲያ? ብዙ ዲስትሪክቶች የፌዴራሉን መንግሥት የውሎ አበል ተመን ይከተላሉ። በ2025 የበጀት ዓመት የተለየ ተመን ላልወጣላቸው ከተሞች የተፈቀደው ለአልጋ በአዳር 110 ዶላር፣ ለምግብና ለጥቃቅን ወጪ በቀን 68 ዶላር ነበር፤ በመነሻውና በመመለሻው ቀን የምግቡ አበል ወደ ሦስት አራተኛ ዝቅ ይላል። ለአራት ቀንና ለሦስት አዳር ሲሰላ አልጋው 330፣ ምግቡ 238፣ በድምሩ 568 ዶላር ይሆናል። አምስት አባላት ከሄዱ 2,840 ነው። የአውሮፕላን ትኬትና የመመዝገቢያ ክፍያ ሲጨመርበት ከፍ ይላል፤ ትልልቆቹ የጉባኤ ከተሞችም የአልጋ ተመናቸው ከዚህ የበለጠ ነው። ቢሆንም አሥሮችንና መቶዎችን ሚሊዮን ከሚያንቀሳቅስ በጀት አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሰዉ ግን የሚያየው ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም ይገባዋል። የጣሪያ እድሳት ውል በ4 ሚሊዮን ይሁን በ5 ሚሊዮን ዶላር መፈጸም እንደነበረበት ከመንገደኛው መካከል የሚያውቅ የለም፤ አንድ እራት ስንት እንደሚያወጣ ግን ሁሉም ያውቃል። የጉዞ ደረሰኝ ዜጋ ያለ ባለሙያ እርዳታ ሊመረምረው የሚችለው የመንግሥት ሒሳብ ነው። የእኔ አስተያየት እንደዚህ ነው፤ በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ትልቁ ነገር ድምሩ ሳይሆን ፊርማው ነው።

ማን ለማን ይፈርማል

በተለመደው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ተጉዞ ሲመለስ ሒሳቡን ያወራርዳል፤ አለቃው ያጸድቅለታል። የቦርድ አባል ግን አለቃ የለውም። ደረሰኙን የሚመረምረው የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ አለቃው ሱፐርኢንተንደንቱ ነው፤ የሱፐርኢንተንደንቱ ቀጣሪ ደግሞ ቦርዱ ነው። ስለዚህ የ90 ዶላር እራት አላግባብ ነው ብሎ መመለስ የሚኖርበት ሰው የአለቃውን አለቃ ማስቀየም አለበት። ሌላው መንገድ አባላቱ እርስ በርሳቸው እንዲያጸድቁ ማድረግ ነው፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንዲሉ፣ ዛሬ የአንዱን ያጸደቀ በሚቀጥለው ወር የራሱ ይቀርብለታል። የቦርዱ ጉዞ ደግሞ ለብቻው አጀንዳ ሆኖ የሚቀርብበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከሌሎች ብዙ ክፍያዎች ጋር ታጅሎ ያለ ውይይት በአንድ ድምፅ ያልፋል። ሕጉ በግልጽ ስብሰባ ይወሰን ስላለ ስብሰባው ግልጽ ነው፤ የወጪው ዝርዝር ግን ማንም በማይገልጠው አባሪ ውስጥ ተቀምጧል።

ይህን ክፍተት በግንባር ከገጠሙት ግዛቶች አንዷ ኢሊኖይ ናት። ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕጓ የአካባቢ አስተዳደር ቦርድ አባል የጉዞ ወጪ በግልጽ ስብሰባ፣ የእያንዳንዱ አባል ስም እየተጠራ በሚሰጥ ድምፅ እንዲጸድቅ ያዛል። የተጓዡ ስምና ኃላፊነት፣ ቀኑ፣ የሥራው ዓይነት፣ ግምቱ ወይም ደረሰኙ በጽሑፍ መቅረብ አለበት፤ ይህም ሁሉ ለሕዝብ ክፍት ሰነድ ነው። መዝናኛ በመርህ ደረጃ አይከፈልም፤ ሕጉ የተከለከሉትን ሲዘረዝር ከቲያትርና ከስፖርት ውድድር ጋር ሰርከስንም መጥቀሱ ያስፈግጋል። ትምህርት ቤቶችን በሚመለከት ቴክሳስ የመረጠችው ሌላ ዘዴ ነው። የፋይናንስ ጤንነት ምዘናዋ ዲስትሪክቶች ለሱፐርኢንተንደንቱና ለእያንዳንዱ የቦርድ አባል የተመለሰውን ወጪ በምግብ፣ በማደሪያ፣ በትራንስፖርት፣ በነዳጅና በሌላ ከፋፍለው በዓመታዊ ሪፖርት እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ጠያቂ እስኪመጣ አይጠበቅም። በፍሎሪዳ የግዛቱ ሕግ ለቁርስ 6፣ ለምሳ 11፣ ለእራት 19 ዶላር ብሎ ቆርጧል፤ የትምህርት ቦርዶች ግን የራሳቸውን ተመን እንዲያወጡ ተፈቅዶላቸዋል።

ሕጉ የየግዛቱ ነው

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በሐምሌ 4 ቀን 1966 የፈረሙት የመረጃ ነፃነት ሕግ በስም የታወቀ ቢሆንም የሚገዛው የፌዴራል አስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶችን ብቻ ነው። ለትምህርት ቦርድ በእርሱ ስም የተጻፈ ደብዳቤ ሕጋዊ መሠረቱን ስቷል። ጨዋ ጸሐፊ እንደ ግዛቱ ሕግ ቆጥሮ ያስተናግደው ይሆናል፤ ጨዋ ያልሆነ ይመልሰዋል። ሃምሳዎቹም ግዛቶች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ፍሎሪዳ ከ1909 ጀምሮ የሕዝብ ሰነድ ሕግ ያላት ስትሆን በ1992 መብቱን ሕገ መንግሥቷ ውስጥ አስገብታዋለች። በካሊፎርኒያ ሕጉን በ1968 የፈረሙት ያን ጊዜ አገረ ገዥ የነበሩት ሮናልድ ሬገን ናቸው። የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ደግሞ የተወለደው በ1972 በሕዝብ ድምፅ ነው።

ልዩነቱ የሚታወቀው ቀን ሲቆጠር ነው። ኢሊኖይ አምስት የሥራ ቀናት ትሰጣለች። ፔንሲልቫኒያም እንዲሁ፤ እዚያ ቀኑ ያለ መልስ ካለፈ እንደ እምቢታ ተቆጥሮ ይግባኝ ይከፈታል። ካሊፎርኒያ ሰነዱ ይሰጥ አይሰጥ እንደሆነ በአሥር ቀን እንዲወሰን ትጠይቃለች፤ ወረቀቱ እጅ የሚገባበት ቀን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፍሎሪዳ የተቆረጠ ቀን የላትም። ጠንካራው አካሄድ በእኔ ግምት የቴክሳስ ነው፤ ዲስትሪክቱ ሰነዱን መከልከል ከፈለገ በአብዛኛው በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ የግዛቱን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ውሳኔ ራሱ መጠየቅ አለበት፤ ከዘገየ ሰነዱ ክፍት እንደሆነ ይገመታል። በሌሎች ብዙ ግዛቶች ሸክሙ የዜጋው ነው፤ ጠበቃ ይዞ ፍርድ ቤት ይሄዳል ወይም ይተወዋል። የማን መብት ነው የሚለውም አንድ ዓይነት መልስ የለውም። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 በቨርጂኒያ ጉዳይ ግዛቶች ይህን መብት ለነዋሪዎቻቸው ብቻ ሊወስኑት እንደሚችሉ ፈርዷል።

ጥሩ ጥያቄ ምን ይመስላል

ጥያቄ ተብሎ ቢጠራም የሚጠየቀው ሰነድ እንጂ ማብራሪያ አይደለም። «ለምን ኦርላንዶ ሄዱ?» ለሚል ደብዳቤ መሥሪያ ቤቱ መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም፤ የሌለውን ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ እንዲሰጥም በአብዛኛው አይገደድም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ጠያቂዎች ወረቀቱን በስሙ ይጠሩታል፤ የጉዞ ፈቃድ ቅጽ፣ የወጪ ማወራረጃ ቅጽ ከነደረሰኙ፣ የመሥሪያ ቤቱ ክሬዲት ካርድ ወርሃዊ መግለጫ፣ የሆቴሉ ዝርዝር ሒሳብ፣ የጉባኤው መርሐ ግብር፣ ጉዞው የጸደቀበት ቃለ ጉባኤ። ጊዜውንም ይወስናሉ፤ የብዙ ዲስትሪክቶች በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ አንድ ዓመት በዚያው መሠረት መጠየቅ ፍለጋውን ያቀልለዋል። ሒሳቡ በኮምፒውተር ካለ በዚያው መልክ መጠየቅ ይሻላል፤ ታትሞ እንደገና በስካነር የተነሳ ሠንጠረዥ መደመር የሞከረ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

ከእነዚህ ሁሉ አብልጬ የማየው የሆቴሉን ዝርዝር ሒሳብ ነው። የካርዱ መግለጫ ጠቅላላውን ብቻ ሲናገር የሆቴሉ ወረቀት የመጣበትንና የወጣበትን ቀን፣ የክፍሉን ዓይነት፣ ወደ ክፍሉ የተላከ ምግብ ካለ እርሱንም ይናገራል። ጉባኤው እሑድ አልቆ ተጓዡ ማክሰኞ ከወጣ ከመርሐ ግብሩ ጋር ሲነጻጸር ይታያል። እርግጥ ሁለቱን ተጨማሪ ቀናት ከኪሱ ከፍሎ ሊሆን ስለሚችል ወረቀቶቹን አስተያይቶ ሳይጨርስ የሚከስ ሰው ይሳሳታል። የቀን አበል በቁርጥ በሚከፈልበት ዲስትሪክት ደግሞ የምግብ ደረሰኝ ጨርሶ ላይኖር ይችላል፤ አለመኖሩም ጥፋት አይደለም። እዚያ መጠየቅ ያለበት ጉባኤው ራሱ ምሳ እያበላ አበሉ ተቀንሷል ወይ የሚለው ነው።

የሚመጣው ሰነድ እዚህም እዚያም በጥቁር ቀለም ይሸፈናል። የካርድ ቁጥርና የቤት አድራሻ መሸፈናቸው ተገቢ ነው። አንዳንዴ ግን የተማሪዎችን መዝገብ ለመጠበቅ በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለአዋቂዎች የራት ሒሳብ ጋሻ ሆኖ ይቀርባል፤ ተማሪ በሌለበት ጉዞ ያ ሕግ ቦታ የለውም። ስለ ጉዞው በግል ስልክና በግል ኢሜይል የተጻጻፉትም ነገር አያመልጥም፤ የካሊፎርኒያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2017 የሳን ሆዜን ከተማ በሚመለከት በሰጠው ውሳኔ የመንግሥት ሥራ የተጻፈበት መልእክት በግል አድራሻ ስለተላከ ብቻ ከሕጉ ውጭ እንደማይሆን ደንግጓል።

የግልባጭ ዋጋ በራሱ ትንሽ ነው። ኒው ዮርክ ለአንድ ገጽ ከ25 ሳንቲም በላይ ማስከፈልን ከልክላለች፤ ኢሊኖይ የመጀመሪያዎቹን 50 ጥቁርና ነጭ ገጾች በነፃ ትሰጣለች። የሚጎዳው የፍለጋ ሰዓት በሚከፈልበት ግዛት ያለ ጠያቂ ነው፤ እዚያ ሰፊ ጥያቄ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያስጠይቅ ይችላል። ለዲስትሪክቱም ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ትንሽ ዲስትሪክት ውስጥ ሰነድ የሚፈልገው፣ የሚሸፍነውና ደብዳቤ የሚጽፈው አንድ ጸሐፊ ነው፤ ከ2021 ወዲህ በሥርዓተ ትምህርትና በወረርሽኝ መመሪያ ክርክር ምክንያት ጥያቄ የጎረፈባቸው ቢሮዎች ብዙ ናቸው። የዘገየ መልስ ሁሉ የተደበቀ ምሥጢር አይደለም።

ዝምታ የሚያስከፍለው

በሎንግ አይላንድ የምትገኘው ሮዝሊን በኒው ዮርክ ግዛት ምሳሌ ሆና ቀርታለች። በ2002 የፋይናንስ ኃላፊዋ የዲስትሪክቱን ገንዘብ ለግል ማዋሏ ሲታወቅ ቦርዱ 250,000 ዶላር እንድትመልስ ተስማምቶ በጡረታ አሰናበታት፤ ለነዋሪውም ምንም አልተናገረም። ነገሩ በ2004 ሲፈነዳ ቀድሞ የጻፈው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋዜጣ ነበር። የግዛቱ ኦዲተር በ2005 ባወጣው ሪፖርት የጠፋው 11.2 ሚሊዮን ዶላር ሆነ፤ ከወጪዎቹ መካከል ሱፐርኢንተንደንቱ ፍራንክ ታሶን ኮንኮርድ በተባለው እጅግ ፈጣንና ውድ አውሮፕላን ወደ ለንደን ያደረገው በረራ ይገኝበታል። በዚያው ዓመት የግዛቱ ምክር ቤት አዲስ የቦርድ አባላት ለስድስት ሰዓት የፋይናንስ ሥልጠና እንዲወስዱ፣ ዲስትሪክቶችም የኦዲት ኮሚቴ እንዲያቋቁሙ ደነገገ።

ደረሰኝ የማያሳየውም ጉዞ አለ፤ ዲስትሪክቱ ያልከፈለበት። መጽሐፍ፣ ሶፍትዌር ወይም ሥልጠና የሚሸጥ ኩባንያ ትኬቱን ከገዛ በማወራረጃ ቅጹ ላይ ምንም አይገኝም። የባልቲሞር ካውንቲ ሱፐርኢንተንደንት የነበረው ዳላስ ዳንስ በ2018 በሐሰት መሐላ ጥፋተኛነቱን ያመነው ከትርፍ የማማከር ሥራ ያገኘውን ወደ 147,000 ዶላር በሀብት ማስታወቂያው ላይ ባለመጻፉ ነው፤ በዲስትሪክቱ የወጪ ደረሰኞች ላይ ይህ ሊታይ አይችልም ነበር። ስለዚህ ጠያቂው ከጉዞ ወረቀቶቹ ጋር የሀብት ማስታወቂያውንም አብሮ ይጠይቃል። በካሊፎርኒያ ይህ ቅጽ 700 ይባላል፤ የትምህርት ቦርድ አባላትም ይሞሉታል፤ ሌላ ሰው የከፈለላቸው ጉዞ የሚመዘገበው በ«ኢ» ሠንጠረዡ ላይ ነው።