የአያታችንን ማኅበር ማን ወረሰ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሰው ሲሞት የሚወረሰው ነገር ቶሎ ይታወቃል። ቤቱ፣ መሬቱ፣ በጎቹ፣ ካለም የባንክ ደብተሩ። ለቅሶው ሳይበርድ ሹክሹክታው ይጀመራል። ቀስ ብሎ ሽማግሌ ይጠራል፤ ሽማግሌ ካልበቃ ፍርድ ቤት አለ። እኛ ሰሜን ሸዋዎች ደግሞ በርስት ነገር አንታማም። መንዝ ውስጥ በአንድ ጥማድ መሬት ዕድሜ ልካቸውን ሲካሰሱ የኖሩ ወንድማማቾች ማግኘት ቀላል ነው።

ማኅበሩን ማን እንደሚወርስ ግን የሚጠይቅ ብዙ የለም። ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት እሱን ነው።

አያታችን ያረፉት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ነው። ቆብ ከደፉ ቆይተው ስለነበር ከተማው ሁሉ «እማሆይ» ነበር የሚላቸው፤ እኛም የልጅ ልጆቻቸው ጭምር። ዕድሜያቸውን በቁጥር የሚያውቅ አልነበረም። ጣልያን በ1928 ሲገባ እናታቸው አዝለዋቸው ገደል ለገደል መሸሻቸውን ሲነገራቸው አድገዋል። በዚህ ሒሳብ ዘጠናን ሳይነኩ አልቀሩም።

መዝሙረኛው «የዘመኖቻችንም ዕድሜ ሰባ ዓመት፥ ቢበረታም ሰማንያ ዓመት ነው፤ ቢበዛ ግን ድካምና መከራ ነው» ይላል። እማሆይ ከልኩ አልፈው ኖረዋል፤ ድካሙም አልቀረላቸውም። ጉልበታቸው እምቢ አለ፣ ዓይናቸው ደከመ። ቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ከሁሉ በላይ የተደነቀው ይህ ረጅም ዕድሜ ነበር። ዕድሜ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ በራሱ ግን ጽድቅ አይደለም። ማቱሳላ 969 ዓመት ኖረ፤ ወለደ፣ ሞተም። መጽሐፍ ከዚህ ሌላ ሥራ አልጻፈለትም። የፋኑኤል ልጅ ሐና ግን በጣም ያረጀች መበለት ሆና ሳለ የተጻፈላት ከመቅደስ አለመለየቷ፣ ጾሟና ጸሎቷ ነው። ዕድሜዋ የተጠቀሰው ለዚሁ ነው።

እማሆይ የማርያም ማኅበርተኛ ነበሩ። ማኅበርተኞቹ ዐሥራ ሁለት ናቸው። በየወሩ በ21 ተራ በተራ ይደግሳሉ፤ ለአንድ ሰው የሚደርሰው እንግዲህ በዓመት አንዴ ነው። የእማሆይ ተራ ጥር 21፣ የእመቤታችን የዕረፍቷ መታሰቢያ አስተርእዮ ማርያም ነበረች። ጥምቀት እንዳለፈ ገብሱም ቤቱም ይታመሳል። አሻሮው ይቆላል፣ ብቅሉ ይፈጫል፣ ጌሾው ይወቀጣል፣ ጋኑ በወይራ ይታጠናል። እማሆይ ዓይናቸው ከደከመ በኋላ እንኳ ከመደባቸው ተነስተው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ጋኑ ጋ ይደርሱና ጎንበስ ብለው ያሸቱታል። «ገና ነው፤ ድገሙት» ይላሉ። ይደገማል። ማን ይከራከራቸዋል!

ድፎው ሁለት ዓይነት ነበር። የማኅበርተኛው ድፎ ቄሱ መጥተው እስኪባርኩ አይነካም። ለደጁ ደግሞ ለብቻው የተጋገረ አለ፤ እሱ ከጠዋት ጀምሮ ይቆረሳል። የኔ ብጤ በር ላይ ቆሞ «ስለ ማርያም» ሲል እማሆይ «ግባ፣ ምን ትቆማለህ? ዛሬ የአንተው ቀን ነው» ይሉታል። ጌታ «ግብዣ ባደረግህ ጊዜ ግን ድሆችን ጥራ» ያለውን በቃል አይጠቅሱትም ነበር። ፊደል አልቆጠሩም።

ከሰሙት ሁሉ የሚወዱት የካቲት 16 ቀን የሚነበበውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ነበር። ያን ሁሉ ነፍስ ያጠፋ ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድሃ በሰጠው ጥርኝ ውሃ ምሕረት አገኘ። እማሆይ ይህን ሲሰሙ ሁሌም አንድ ቀልድ ነበረቻቸው፦ «እሱ በጥርኝ ውሃ ከዳነ እኛ በጋን ጠላ እንዴት አንድንም?» የነፍስ አባታቸው ታዲያ ዝም አይሏቸውም። «እማሆይ፣ ጠላው እኮ አይደለም፤ ልብዎ ነው» ይሏቸዋል። ቄሱ ልክ ናቸው። ጌታችን በደቀ መዝሙር ስም የሚሰጥ ቀዝቃዛ ጽዋ ውኃ እንኳ ዋጋው እንደማይጠፋ ሲናገር የመጠጡን ዓይነት ሳይሆን የተሰጠበትን ስም ነው ያየው። ዝክር የምሕረት መግዣ አይደለም። በቅዱሳኑ ስም ለሌላው መራራት ነው።

አርባቸው የወጣ ዕለት ድንኳን ውስጥ ወሬው ስለ ቤቱ ነበር። ይሸጥ፣ አይሸጥ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ይህን ሲሰሙ ቆዩና ተነስተው አንድ ነገር ጠየቁ፦ «የእማሆይን ተራ ማን ይይዛል?»

አንዱ ስልኩን ማየት ጀመረ። ሌላው «እኔ እንኳ ያለሁት አዲስ አበባ ነው» አለ፤ ትንሽ ቀደም ብሎ መሬቱ ሲነሳ ግን አዲስ አበባ መሆኑ ትዝ አላለውም ነበር። በመጨረሻ ከልጅ ልጆቹ ታናሿ፣ ደብረ ብርሃን የምትሠራው፣ «እኔ እይዛለሁ» አለች።

«ጠላ መጥመቅ መች ታውቂና?» አሏት አክስቷ።

«እትዬ፣ እርስዎ ይጠምቁልኛል፤ ጌሾውን እኔ እገዛለሁ።»

ድንኳኑ ሳቀ፤ ሙሴውም መረቋት።

ወንጌላዊው ሉቃስ ምዕራፍ 12 ላይ ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ብድግ ብሎ «መምህር ሆይ፥ ርስቱን ከእኔ ጋር እንዲካፈል ለወንድሜ ንገረው» ሲል እናገኘዋለን። አስቡት፤ የዘላለም ሕይወት ባለቤት ፊቱ ቆሟል፣ እሱ የሚጠይቀው ስለ ድርሻው ነው። ጌታችንም «ፈራጅና አካፋይ በላያችሁ እንድሆን ማን ሾመኝ?» አለው። የሰውየው ጥያቄ ሐሰት ነበር አልተባለም፤ ምናልባት ወንድሙ በድሎትም ይሆናል። ግን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ጎተራውን ሊያሰፋ ሲያስብ በዚያችው ሌሊት ነፍሱን የተጠየቀው ባለጠጋ ምሳሌ ነው። ርስት መካፈል ኃጢአት አይደለም፤ በሕግ መካፈል ደግሞ ይገባል። ከአያት የቀረን እሱ ብቻ ነው ብሎ ማሰቡ ነው ክፋቱ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የወረሰውን ያስታውሰዋል፦ «ይህም እምነት ቀድሞ በአያትህ በሎይድ በእናትህም በኤውንቄ ነበረባቸው።» ጢሞቴዎስ በልስጥራና በኢቆንዮን በነበሩ ወንድሞች የተመሰገነ ልጅ ነው። አባቱ የግሪክ ሰው ነበር። የእምነቱ ሐረግ የተቆጠረው በሴቶቹ በኩል ነው። ሎይድ በመጽሐፍ ቅዱስ ስሟ የተጠራው እዚህች ቦታ ላይ ብቻ ነው። ቤት ነበራት፣ በግ ነበራት፣ ስንት ዓመት ኖረች፣ አናውቅም። የልጅ ልጇ ጳጳስ ሆነ። እኔ በበኩሌ አያቶቻችን ላይ ለሚነበብ የሕይወት ታሪክ ከዚህ የተሻለ አጻጻፍ አላየሁም።

ሌላዋ የኢዮጴዋ ጣቢታ ናት። ስትሞት ቅዱስ ጴጥሮስን ጠሩት። መበለቶቹ ሁሉ እያለቀሱ ከበቡትና በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ያሳዩት ጀመር። ንግግር አላደረጉም። መንዝ ብርድ ነው፤ ሌሊት ውርጩ ይቆርጣል፤ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባና እዚያ አገር ነፍስ ማለት ነው። እማሆይ እጃቸው እስኪከዳቸው ድረስ የበግ ጠጉር ፈትለዋል። ሸማኔ ከሠራው በኋላ ስንቱ ባና ወዴት እንደሄደ የሰማነው ለቅሶ ላይ ነው። አንዲት ጎረቤት የደረቡትን ባና ጫፍ ይዘው «ይኸው፣ እሳቸው ናቸው ያለበሱኝ» አሉን። ሌላም ነገር አልጨመሩም።

ስለ ስም ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እማሆይ ሌሊት መቁጠሪያቸውን ይዘው አርባ አንድ እግዚኦ ካደረሱ በኋላ የቤተሰቡን ሁሉ የክርስትና ስም እየጠሩ ይጸልዩ ነበር። ከትልቁ ልጅ ጀምረው አምና እስከተወለደው ድረስ፤ አንድ አይዘሉም። እንደውም ከእኛ መካከል የክርስትና ስሙን የማያውቅ ሞልቷል። ለጸሎት ስም ስጡ ሲባል መሐል ሜዳ ስልክ እንመታ ነበር፤ «እማሆይ፣ የእኔ ማን ነበር?» አሁን የሚመታለት የለም። እናንተ አያታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ደውሉና የቤተሰቡን የክርስትና ስም አንድ በአንድ ጻፉ። ከዚያም ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን እሳቸው እንደሚያደርጉት ጥሯቸው። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ወጪ ካነሳን ተዝካሩን ላንሳ። በብድር በሬ ጥሎ፣ ድንኳን ደርድሮ፣ ሰፈሩን አጥግቦ ነዳያንን በር ላይ ማቆም የሟችን ነፍስ አይጠቅምም። ለሟች ጸሎተ ፍትሐቱ፣ ቅዳሴው፣ ምጽዋቱ ይበልጣል። ማኅበርም ቢሆን መልኩን ሲስት አይቻለሁ፤ ሐሜትና ስካር ሲገባበት ጽዋው ስሙ ብቻ ይቀራል። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች አንዱ ሲራብ ሌላው ሲሰክር ዝም አላላቸውም። ታናሿ ልጃችን ማኅበሩን ስትይዝ አንዳንዱ «የዛሬ ልጅ እንዲህ ያለውን ያበላሻል» ብሎ ነበር። ከአረጋውያኑ ይልቅ የሚጠነቀቀው አዲሱ መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ አይተናል።

የእናታችሁን ወይም የአያታችሁን ማኅበር ለመያዝ የምታስቡ ካላችሁ መጀመሪያ የነፍስ አባታችሁን አማክሩ። ቀጥሎ የማኅበሩን ሙሴ አነጋግሩ፤ ማኅበርተኞቹ ሳይስማሙ ተራ አይያዝም። ሩቅ ከሆናችሁ እዚያው ያለ ዘመድ እንዲደግስ ወጪውን ልካችሁ በቀኑ መገኘት ትችላላችሁ። ብቻውን የከበደው ከወንድም ከእህቱ ጋር ይያዘው። ጠላ መጥመቅ የማይችል ንፍሮና ዳቦ፣ እሱንም ያጣ ውሃ ያቅርብ። የማኅበሩ ቀን በሥራ ቀን ከዋለ አለቃችሁን ፈቃድ ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ለሠርግ ስንጠይቅ ኖረን የለ! የእኛዋ ደግሞ ለዘንድሮው ጥር 21 ፈቃዷን ከአሁኑ አስፈርማለች። ጌሾውንም ገዝታለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።