አሮዋናዋ አልበላም ስትል፦ ስለ እንቁላልና ስለ ጾም የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው አንድ ወዳጄ ከዱባይ ደወለልኝ። ድምፁ ደስ ደስ ይላል። "አሮዋናዬ እንቁላል ይዛለች መሰለኝ! 11 ቀን ሙሉ ምንም አልቀመሰችም" አለኝ። ደስታውን ላበላሽበት አልፈለግሁም። ግን አንድ ነገር ጠየቅሁት፦ "ውሃውን መርምረሃል?" ዝም አለ።

አሮዋና ረዘም ያለች፣ ትልልቅ ቅርፊት የለበሰች፣ አገጯ ላይ ሁለት ጢም ያላት አሳ ናት። ብርማዋ የአማዞን ናት። ቀዮቹና ወርቃማዎቹ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ ናቸው፤ ቻይናዎች "የዘንዶ አሳ" ይሏቸዋል፣ ዋጋቸውም አይቀመስም። እንዲህ ያለች አሳ ምግብ ስትተው ባለቤቷ እንቅልፍ ያጣል። ያኔ የተሰማው ወሬ ሁሉ ምክር ይሆናል። የሚደጋገሙትን እንያቸው።

"ሴት አሮዋና መብላት ካቆመች እንቁላል ይዛለች"

ሊሆን ይችላል። ለመጣል የደረሰች ሴት የምግብ ፍላጎቷ ሊቀንስ ይችላል። ግን ይህ ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ የሚመጣ ግምት ነው። አሮዋና ምግብ የምትተውበት ምክንያት ብዙ ነው። ገንዳ ሲቀየርባት ትተዋለች። የማታውቀው አሳ ሲገባባትም እንዲሁ። ውሃው ሲቀዘቅዝ፣ አንድ ዓይነት ምግብ ሲሰለቻት ትተዋለች። ከሁሉ በላይ ግን ውሃው ሲበላሽባት ነው።

የወዳጄ ነገር ይኸው ሆነ። ማጣሪያው ቆሽሾ ስላየው ስፖንጁን አውጥቶ በቧንቧ ውሃ አጥቦ መልሶታል። ለንጽሕና ብሎ ነው። ስፖንጁ ውስጥ ግን የአሳዋን ቆሻሻ የሚያመክኑ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይፈጃቸዋል። እነሱ ሲያልቁ ከአሳዋ ስንጥብ የሚወጣው አሞኒያ ይጠራቀማል። በዓይን አይታይም፤ ውሃው ኩልል ብሎ ሳለ እሷ ትቃጠላለች። ሲመረምረው ዜሮ መሆን የነበረበት አሞኒያ ከፍ ብሎ አገኘው። በየቀኑ ሩብ ሩቡን ውሃ፣ ክሎሪኑ በተወገደለት ውሃ መቀየር ጀመረ። በ6ኛው ቀን ሽሪምፕ ከእጁ ነጠቀችው። እንቁላል የሚባል ነገር አልነበረም።

ዕድሜዋንም አትርሱ። የእስያ አሮዋና ለመራባት የምትደርሰው 3 ወይም 4 ዓመት ገደማ ሲሞላት ነው። የ1 ዓመት አሳ አልበላም ስትል እንቁላል መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ እውነተኛው ችግር ይብሳል።

"ያለ ወንድ እንቁላል አትጥልም"

ዶሮ ያረባ ሰው ይህን አይሳሳትም። ዶሮ ያለ አውራ ትጥል የለ? አይፈለፈልም እንጂ እንቁላል ነው። አሮዋናም እንደዚያው ናት። ለብቻዋ የምትኖር ሴት አንድ ቀን ጠዋት ብርቱካናማ፣ ብይ የሚያካክሉ ኳሶች ከገንዳው ወለል ላይ በትና ልትገኝ ትችላለች። ወንዱ ዘሩን የሚያፈሰው እንቁላሉ ከወጣ በኋላ፣ ውሃው ውስጥ ነው። ወንድ ከሌለ እንቁላሉ ባዶ ነው። ይነጣል፣ ይሻግታል፣ ውሃውንም ይመርዛል። ቶሎ ልቀሙት። እሷ ራሷ ከበላችውም አትደንግጡ።

"በእንቁላሉ ምክንያት የምትጾመው እናቲቱ ናት"

ሁሌ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም እውነተኛው ጾም የአባት ነው። በእስያዋም በአማዞኗም አሮዋና ሴቷ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ወንዱ ያዳብረዋል፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየለቀመ አፉ ውስጥ ይከተዋል። እዚያው ይፈለፈላል። ጫጩቶቹም እንደ ብርቱካን ፍሬ የተንጠለጠለውን አስኳላቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ከአባታቸው አፍ አይወጡም። ይህ ሁሉ ሁለት ወር ሊጠጋ ይችላል። በዚያን ጊዜ ሁሉ አባትየው አይበላም። አገጩ ተነፍቶ፣ አፉን አጥብቆ ዘግቶ፣ ከአንድ ጥግ ሳይርቅ ይቆያል።

ይህን ያህል የሚደክመው እንቁላሉ ጥቂት ስለሆነ ነው። ሌላ አሳ በሺህ የሚቆጠር ሲጥል የእስያዋ አሮዋና የምትጥለው ከ30 እስከ 100 ገደማ ነው። አንዱ እንቁላል ዳር እስከ ዳር 2 ሴንቲሜትር ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዋጋ አለው። አፉ የተነፋ አሮዋና ካያችሁ "እናቲቱ" ስትሉት የከረማችሁት አሳ አባት ሊሆን ይችላል ማለት ነው!

ልዩነት አለ። በአውስትራሊያዎቹ አሮዋናዎች እንቁላሉን በአፏ የምትይዘው ሴቷ ናት። ለወሬው መደበላለቅ አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። የእኛም አገር ዘመድ አላት። ጋምቤላ፣ ባሮ ወንዝ ውስጥ፣ እንዲሁም ኦሞ ውስጥ የምትገኘው የአፍሪካ አሮዋና የምትባለው ናት። እሷ በአፍ መያዝ የሚባል ነገር አታውቅም። ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ ሣር መሐል ክብ ጎጆ ሠርታ እዚያ ትጥላለች። "አሮዋና እንዲህ ናት" ስትባሉ "የትኛዋ?" ብላችሁ ጠይቁ።

"ሆዷ ካበጠ እንቁላል ነው፤ ካልወጣ በእጅ ይጨመቃል"

እባካችሁ እንዳትሞክሩት። ሆድ በድርቀትም፣ ብዙ በመብላትም፣ በበሽታም ያብጣል። ቅርፊቷ ከገላዋ ተነስቶ ከቆመ ከባድ ሕመም ነው፤ አሳ የሚያክም ባለሙያ ፈልጉ። እንቁላል ቢሆንም እንኳ ያልተጣለውን አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቷ መልሶ ይመጠዋል። እጅ ግን የውስጥ አካሏን ይጎዳል።

"ካልበላች ሕያው አሳ ጨምሩላት"

ርካሽ ጎልድፊሽ ገዝቶ መጣል የተለመደ ነው። ጎልድፊሽ ግን ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ነገር በውስጡ አለው። አዘውትራ ከበላችው ጉድለት ያመጣባታል። ጥገኛ ተሕዋስያንም ይዞ ይገባል። ያልተበላው ምግብ ደግሞ ይበሰብሳል፣ አሞኒያው ይጨምራል፣ እሷም ጭራሽ ትተዋለች። አሳ እንደ እኛ ገላዋን ለማሞቅ ጉልበት አታቃጥልም። ጤነኛ፣ ትልቅ አሮዋና አንድ ሁለት ሳምንት ሳትበላ ብትቆይ አትሞትም። ጨቅላዋ ግን ይህን አትችልም። በቀን አንድ ጊዜ ትንሽ ስጧት፤ ካልነካችው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አውጡት።

"እንቁላል ከጣለች ወንድ ገዝቼ አጣምራታለሁ"

ወዳጄም ያሰበው ይህንኑ ነበር። መጀመሪያ ግን ወንድና ሴቱን በዓይን መለየት ከባድ ነው። የወንዱ አፍና ጭንቅላት ሰፋ ይላል፣ የሴቷ ወገብ ሞላ ይላል ይባላል። በዚህ ብቻ ተማምነው የገዙ ብዙዎች ሁለት ወንድ ይዘው ተገኝተዋል። ሁለተኛ፣ ሁለት ትልልቅ አሮዋናዎች በአንድ ገንዳ ሲገናኙ እስከ ሞት ሊጣሉ ይችላሉ። አርቢዎች ብዙዎቹን ሰፊ ኩሬ ውስጥ ይለቋቸዋል፤ የሚስማሙት ራሳቸው ይመራረጣሉ። ቤት ውስጥ ይህ አይገኝም።

የእስያዋ ከሆነች ሕጉም አለ። ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይቲስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በጥብቅ ከሚጠብቃቸው እንስሳት አንዷ ናት። ከአገር ወደ አገር በሕጋዊ መንገድ የምትሸጠው በተመዘገበ እርባታ የተወለደችው ናት፤ ማይክሮቺፕና ሰነድም ይኖራታል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የእስያዋን በሰነድም ቢሆን ለቤት ማስገባት አይፈቀድላችሁም። ብርማዋ በዚህ ክልከላ ውስጥ የለችም።

ወዳጄ ወንዱን ትቶ በገንዘቡ የውሃ መመርመሪያና ከባድ የገንዳ ክዳን ገዛ። ክዳኑን እኔ ነኝ ያስገዛሁት። ብራዚሎች ብርማዋን "የውሃ ዝንጀሮ" የሚሏት ለነፍሳት ስትል ከውሃው በላይ ስለምትዘል ነው።