ሐሳቡ ከቤት ነበረ፦ ፈጠራ፣ አመራርና ለውጥ በዘመናዊ ድርጅቶች

በድርጅት ዓለም ፈጠራ የሚባለው አዲስ ሐሳብ ማፍለቅ ብቻ አይደለም፤ የፈለቀው ሐሳብ ሥራ ላይ ውሎ ለሰው ጥቅም ሲሰጥ ነው። ከሐሳቡ እስከ ሥራው ያለውን መንገድ የሚከፍተውም የሚዘጋውም አመራሩ ነው። ድርጅቶች ሲዳከሙ በአብዛኛው የሚወቀሰው የሐሳብ ድርቅ ነው። የታወቁት ታሪኮች ግን ወደ ሌላ ያመለክታሉ፤ ሐሳቡ ከቤት ነበረ፣ ሰሚ አጣ እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካው የፎቶ ፊልም አምራች የኮዳክ ወጣት መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን ፊልም የማያስፈልገው ካሜራ ሠራ። ክብደቱ ከ3 ኪሎ ግራም ተኩል በላይ ነበር። ጥቁርና ነጭ ምስሉ 10 ሺህ ነጥቦች ብቻ ነበሩት፤ አንዱን ፎቶ በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር፤ የተነሣውን ለማየትም ቴሌቪዥን ያስፈልግ ነበር። ሰው ፎቶውን በቴሌቪዥን ማየት ለምን ይፈልጋል የሚል ጥያቄ ከአለቆቹ ተነሣ። ኩባንያው ግን ግኝቱን አልጣለውም፤ በ1978 የባለቤትነት መብት አግኝቶበታል።

ችግሩ የኮዳክ የእንጀራ ገመድ ፊልም መሆኑ ነበር። ካሜራ የገዛ ሰው ፊልም ይገዛል፣ ያሳጥባል፣ ያሳትማል፤ እንደገናም ይገዛል። አዲሱ ካሜራ ይህን ሁሉ ገቢ የሚያስቀር ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳይባሉ የሰጉትን ኃላፊዎች ሞኞች ማለት ይቀላል፤ ነገር ግን ፍትሐዊ አይደለም። ኮዳክ ዘግይቶም ቢሆን ገብቶበታል፤ በ2005 በአሜሪካ የዲጂታል ካሜራ ሽያጭ ቀዳሚው እሱ ነበር። ከካሜራው የሚገኘው ትርፍ ግን ፊልሙ ያስገኝ ከነበረው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። በጥር 2012 ኩባንያው የኪሳራ ሕግ ጥበቃ ጠየቀ።

የጃፓኑን የፊልም አምራች ፉጂፊልምንም ያው ማዕበል መትቶታል። እሱ የጠየቀው ግን «ምን እንሸጣለን?» ሳይሆን «ምን እናውቃለን?» ብሎ ነው። ፊልም ውስጥ ኮላጅን የሚባል፣ በሰው ቆዳም ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን አለ፤ ምስል እንዳይደበዝዝ የሚከላከል የኬሚስትሪ ዕውቀትም አለ። ይህ ዕውቀት ወደ ቆዳ መንከባከቢያ ቅባት ተሸጋገረ፤ ስስ ፊልም የመሥራት ጥበቡም ለኮምፒውተርና ለቴሌቪዥን ስክሪን ዋለ። ሽግግሩ ያለ ሕመም አልሆነም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ተሰናብተዋል። የስኬት ታሪኩ ሲተረክ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ፈጠራ ሁሉ እንዲህ ግዙፍ አይደለም። በቶዮታ የመገጣጠሚያ መስመር ላይ ለረጅም ዓመታት ከሠራተኛው ራስ በላይ ገመድ ተዘርግቶ ቆይቷል። የላላ ብሎን ያየ ሠራተኛ ገመዱን ይጎትታል፤ መብራት ይበራል፣ የቡድን መሪው ይመጣል። መኪናው የተወሰነለት ቦታ ሳይደርስ ችግሩ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። የሐሳቡ ሥር የቶዮታ መኪና ኩባንያን የመሠረተው ሰው አባት ሳኪቺ ቶዮዳ ክር ሲበጠስ ራሱን እንዲያቆም አድርጎ የሠራው የሽመና ማሽን ነው። ተራው ሠራተኛ ውድ የሆነውን ማምረቻ የማስቆም ሥልጣን ሲኖረው የአለቃው ሥራም ይለወጣል፦ «ማን አቆመው?» ብሎ ከመቆጣት «ምን አገኘህ?» ብሎ ወደ መጠየቅ። በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት የአሜሪካው መኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስ በ1982 የዘጋው ፋብሪካ በ1984 ከቶዮታ ጋር በሽርክና ሲከፈት አብዛኞቹ ሠራተኞች የቀድሞዎቹ ነበሩ። በሥራ መቅረትና በጠብ ይታወቅ የነበረው ያው ሰው በጥራት ከጃፓን ፋብሪካዎች ጋር የሚስተካከል መኪና ማውጣት ጀመረ። ገመዱን መስቀል ቀላል ነው፤ የጎተተው ሰው ግሳጼ የሚደርስበት ከሆነ ግን ለጌጥ የተሰቀለ ነው።

«ሠራተኛው ለውጥ አይወድም» የሚለው የስብሰባ አዳራሽ እሮሮም ሲመረመር ይሳሳል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኩርት ሌዊን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካውያን የቤት እመቤቶች ያልለመዱትን የከብት ልብና ኩላሊት እንዲያበስሉ ለማድረግ ሁለት መንገድ ሞከረ። ከፊሎቹ ጥሩ ገለጻ ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ እርስ በርስ ተወያይተው በመጨረሻ እጅ በማውጣት ወሰኑ። ኋላ ሲጠየቁ ከገለጻው ሰሚዎች 3 በመቶ፣ ከተወያዮቹ ደግሞ 32 በመቶ ያህሉ አብስለው ተገኙ። ዛሬም ብዙ ድርጅት ለውጥን የሚያስተዋውቀው በመጀመሪያው መንገድ ነው፤ ያውም በስላይድ አጅቦ።

ሌላው የአመራር ፈተና ጊዜ ነው። በአሜሪካው ስሪ ኤም (3M) ኩባንያ ኬሚስቱ ስፔንሰር ሲልቨር በ1968 ጠንካራ ሙጫ ሲፈልግ በቀላሉ የሚላቀቅ ሙጫ አገኘ። ለምን እንደሚጠቅም ማንም አላወቀም፤ እሱ ግን ለባልደረቦቹ ስለ ሙጫው ማውራቱን አልተወም። በ1974 የሥራ ባልደረባው አርት ፍራይ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲዘምር የገጽ ምልክት ያደረጋቸው ወረቀቶች እየወደቁ ቢያስቸግሩት ያ ሙጫ ትዝ አለው። ተለጣፊው የማስታወሻ ወረቀት በመላ አሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው በ1980 ነው። ኩባንያው ሠራተኞቹ ከሥራ ሰዓታቸው 15 በመቶውን ራሳቸው በመረጡት ጥናት ላይ እንዲያውሉ ይፈቅድ ስለነበር፣ ፍራይ ወረቀቱን የሞከረው ከሥራው ሳይደበቅ፣ በደመወዝ ሰዓቱ ነበር።