ኦፖርቹኒቲ ኮስት ድካም አይደለም

ዓመት በመጣ ቁጥር ይኸው ነው። «ኦፖርቹኒቲ ኮስት ምንድን ነው?» ስል ክፍሉ ባንድ ድምፅ «የከፈልነው መስዋዕትነት» ይለኛል። መስዋዕትነት ሲሉ ላቡን፣ ልፋቱን ማለታቸው ነው። አይደለም! አንዱን ስንመርጥ የሚያልፈን ሌላው አማራጭ ነው።

ሌሎቹን ስህተቶች ቶሎ ልለፋቸው። የተውናቸው አማራጮች ሁሉ ድምር አይደለም፤ የሚቆጠረው ካለፉን ውስጥ ምርጡ አንዱ ብቻ ነው። ስያሜውም በ1914 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) በኦስትሪያዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ፍሬድሪሽ ፎን ዊዘር አልተፈጠረም። ሐሳቡን ያዳበረው እሱ ነው። ስያሜው ግን በጥር 1894 የአሜሪካዊው ዴቪድ ግሪን ጽሑፍ ርዕስ ላይ ወጥቷል።

ያ ርዕስ ሁለት ወጪዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ የስቃይ ወጪና የታለፈ ዕድል ወጪ። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ለዓመታት የተሟገቱት በዚሁ ነው። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ማርሻል እውነተኛው ወጪ የሠራተኛው ልፋትና የቆጣቢው ትዕግሥት ነው ይል ነበር። በ1928 አሜሪካዊው ፍራንክ ናይት የአዳም ስሚዝን የአዳኞች ምሳሌ መልሶ አነሳ። አንድ ቢቨር (የወንዝ እንስሳ ነው) መግደል አጋዘን ከመግደል እጥፍ ጉልበት ከጠየቀ፣ አንዱ ቢቨር በሁለት አጋዘን ይለወጣል። ስሚዝ ያየው ጉልበቱን ነው። ናይት አዳኙ ቢቨር ሲገድል የቀሩበትን ሁለት አጋዘኖች አየ። አደኑ ለሰውየው ጨዋታ ቢሆንስ? ጠብታ ላብ ባይወጣውስ? ያው ሁለት አጋዘን አልፈውታል።

አንድ ዘመዴ ለጸጉር ቤት ያከራየው የነበረውን ክፍል አስለቅቆ ሱቅ ከፈተበት። «ኪራይ የለብኝ፣ ትርፉ ሁሉ የኔ» ይላል። ደብተሩን አየሁት። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ መብራት፣ ሁሉም ተጽፏል። የቀረበት ኪራይ ግን የለም። «ጻፈው» አልኩት። ሲቀነስ የተረፈው የቀን ሠራተኛ እንኳ የማያስቀጥር ሆነ።

ዝም ብሎ ቆየና «ግን ልጆቼ ዓይኔ ሥር ይውላሉ» አለኝ። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጄኮብ ቫይነርም በ1937 የተሟገተው ይህንኑ ነው፤ ሰው ሥራ ሲመርጥ ገንዘቡን ብቻ አያይም፣ የሥራው ምቾትና ጣጣም ይገባበታል። ልክ ነው፣ ይገባበታል። የሚመዘነው ግን ከኪራዩ ጋር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኪራዩ ይጻፍ።

ዘመዴ አሁን በየወሩ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይጽፈዋል። ሱቁንም አልዘጋም።